በሌላኛው ዓለም ያለቀ ሙሉ ልብስ

ልብስ ሰፊ የሌለው ሰፈር የለም፤ በቀጠሮው ቀን የሚያደርስ ልብስ ሰፊ ያለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተሰማም። ሐኪም ቀጠሮ ያከብራል፤ ሞት እንኳን ያከብራል። ልብስ ሰፊ «ነገ ማታ» ይላል፤ ነገ ማታ ሲደርስም መልሱ ያው ነገ ማታ ነው።

የኛ ሰፈሩ ጋሼ ነገማታ፣ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፣ የዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። አንዲት እናት ለአንደኛ ክፍል ልጇ ያሰፋችውን የደንብ ልብስ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ተረከበችና ለታናሹ አለበሰችው። አንድ ሙሽራ የሚዜውን ኮት ተውሶ አገባ፤ የራሱ የደረሰለት የበኩር ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ነው። ሁሉም ሰድቧቸው ይሄዳል፤ ሁሉም ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። ምን ያድርግ? እጃቸው ወርቅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሳይንስ ሳይገባበት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በክር ጥቅሎች መሃል የተሰየመችው ሬዲዮ ስለ ኳንተም ፊዚክስ አወራች። ከትንሽም ትንሽ የሆነች ቅንጣት፣ ሰው እስኪያያት ድረስ እዚህም እዚያም ናት አለች። አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ ነገር በሁለት መንገድ መሄድ በቻለ ቁጥር በሁለቱም ይሄዳል፣ ዓለምም ለሁለት ይከፈላል ይላሉ፤ ከኛ ጎን ለጎን የማናየው ትይዩ ዓለም አለ ማለት ነው። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ክቡርነታቸው ግን መርፌያቸውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ያጡት ምክንያት በራሱ እግር መጣላቸው።

«ጋሼ፣ ሱሪዬስ?» ይላል ታክሲ ነጂው።

«አልቋልም፣ አላለቀምም። ሳናየው ሁለቱንም ነው።»

«እንግዲያው ያምጡትና እንየው!»

«ካየነውማ አላለቀም ይሆናል። ምን አስቸኮለህ?»

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። «እኔስ ግማሽ ራስዎን ላጭቼ ‹ቀሪው በሌላኛው ዓለም ተላጭቷል› ብልዎትስ?»

«እኔም በሌላኛው ዓለም ከፍዬሃለሁ፤ ምን ጎደለብህ?»

ሰፈሩ በሳቅ ሲፈርስ አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ የውሃ ፓምፕ መካኒኩ ሚስት።

መካኒኩ ዕድሜውን በቱታ ነው የጨረሰው። ጡረታ ሊወጣ ሲል ለሽኝቱ ቀን ግራጫ ጨርቅ ገዛና በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሙሉ ልብስ እንዲሰፉለት ለጋሼ ነገማታ ሰጠ። ቀኑ ደረሰ፤ ልብሱ አልደረሰም። ምስክር ወረቀቱን በቱታ ተቀበለ፣ ፎቶውንም በቱታ ተነሣ። በዓመቱ ሞተ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን አለቆች በከረባት፣ መሃል ላይ እሱ፣ ዘይት የነካውን ኪሱን በእጁ ሸፍኖ። ሚስቱ ያቺን እጅ ባየች ቁጥር ልብስ ሰፊውን በሆዷ ትሰድባለች። ይኸው ሰባት ዓመት።

የሌላኛው ዓለም ቀልድ ጆሮዋ በደረሰ ማግስት ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ጨርቁን ተቀብላ ሌላ ሰፊ ዘንድ ልትወስደው ነው። ሞቶም ቢሆን ያለቀ ልብስ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይኑረው ብላ።

«ጨርቄን» አለች፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

«እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አልቋል፣ አላለቀም የምትለውን ለታክሲ ነጂው ንገረው። የባሌን ጨርቅ አምጣ።»

ጋሼ ነገማታ ያን ቀን ፍልስፍና አልተናገሩም። ከመጋረጃው ጀርባ ገቡና በንጹሕ አንሶላ የተሸፈነ ነገር ይዘው ወጡ። እሷ ብል የበላው ብጣሽ ጠብቃ ነበር። አንሶላው ሲነሣ ግን ግራጫው ኮት ከነሱሪው መስቀያው ላይ ቀጥ ብሏል፤ ተተኩሷል፣ የቀረው ለመለካት በነጭ ክር ላላ ተደርጎ የተያያዘውን አጥብቆ መስፋት ብቻ ነው።

ወገቡን በመዳፏ ለካች። «ይሄ የማን ወገብ ነው? የሱ አይደለም።»

«ዓምና ትንሽ ለቀቅሁት።»

«ለማን ብለህ?»

«በዚያኛው ዓለም...» ብለው አንገታቸውን ደፉ። «ጡረታ ወጥቷል። መሰላል የለ፣ ጉድጓድ የለ። ሰው ይወፍራል፣ እትዬ።»

«እሱ? ቁጭ ብሎ? የጎረቤቱን ቧንቧ ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም ነው የሚውለው! ደግሞስ ትከሻው...»

«ግራው ዝቅ ይላል። የመፍቻ ቦርሳው።»

ዳሰሰችው። እውነትም ዝቅ ብሏል። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።

«ለምን አልጨረስከውም?»

«ሌላ ሰፊ ዘንድ ቢወስዱት ይጨርሰዋል፤ እጁም ከኔ ይፈጥናል። ግን በሞተበት ቀን በነበረው ልክ ነው የሚጨርሰው።» ካውያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱት፣ መልሰው አስቀመጡት። «የሽኝቱ ቀን ጠዋት ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ልብሱን ይዤ ደጃችሁ ቆሜያለሁ፤ እሱም ለብሶት ሄዷል። እኔና እርስዎ ያለነው በሌላኛው ነው።»

ሰባት ዓመት ያጠራቀመችውን ስድብ ይዛ ነበር የመጣችው። ልጆቿ አባታቸውን የሚያነሡት እንደ ፎቶው ነው፤ ያው ዕድሜ፣ ያው ቱታ። እሷ በየዓመቱ ስትጨማደድ እሱ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ብቻዋን ጥሏት እንደቀረ። እዚህ መጋረጃ ጀርባ ግን አንድም ቀጠሮ የማያከብር ሰው ባሏን አብሯት ሲያስረጅላት ኖሯል።

ሱሪውን ከመስቀያው አወረደችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ሰው ሲያረጅ ያጥራል፤ ይሄንን አታውቅም?» አለች። «ሁለት ጣት እጠፈው።»

ጋሼ ነገማታ በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና በአንደኛው እግር ጫፍ ነጩን ክር መምዘዝ ጀመሩ። ሌላኛውን እሷ ያዘችላቸው።

«ሸበተ እንዴ?» አሏት፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ።

«ኡ! ጥጥ መስሏል» አለች። «ብለው ብለው ኮፍያ አላደርግም አለ።»