የቱዋን ባልዲ

[ሜኮንግ ወንዝ ዳር። ኡት በሲሚንቶ ገንዳ የአምባዛ ጫጩት ያረባል፤ ሁለት ዙር ሞቶበታል። ቱዋን የሚስቱ የንያን ታላቅ ወንድም ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ዓሣው ሁሉ ተነሥቶ እጅ እንዲነሣው ይጠብቃል። ኡት ብሩሽ ይዟል።]

ቱዋን፦ አስቀምጠው ብሩሹን።

ኡት፦ ግድግዳው ልጋግ ይዟል እኮ፣ ጋሼ።

ቱዋን፦ ጫጩቶችህን የሚፈጀው ክፉ ባክቴሪያ እዚያ ልጋግ ውስጥ ቤት ሠርቶ ነው የተቀመጠው። ብትፈትገው ውሃው ውስጥ ይበተንና ነገ መልሶ ይሠራል።

ኡት፦ ታዲያ በምን ይውጣ?

ቱዋን፦ በጥሩ ባክቴሪያ።

ኡት፦ ሌባ ቢያስቸግረኝ ሌላ ሌባ ልጥራ?

ቱዋን፦ ሌባ ሳይሆን ተከራይ በለው። ቦታውን ይሻማዋል፣ ምግቡን ይበላበታል፤ ያኛው መግቢያ ያጣል።

ኡት፦ ከገባ በኋላ አልወጣም ቢልስ? የአጎቴ ልጅ ለሁለት ቀን ብሎ መጥቶ...

ቱዋን፦ ይቀመጥ እንጂ። የምንፈልገውም ይኸንኑ ነው።

ኡት፦ የአጎቴን ልጅ?

ቱዋን፦ [ግንባሩን ይዞ] ባልዲ አምጣ።

[ኡት ባልዲ ያመጣል። ቱዋን ከሥልጠናው ይዞት የመጣውን የጥሩ ባክቴሪያ ዱቄትና ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆነውን የስኳር አተላ፣ ሞላሰሱን፣ ይጨምርበታል። ኡት የዝናብ ውሃ ወደተጠራቀመበት ጋን ይሄዳል።]

ቱዋን፦ ወዴት ነው? ከቧንቧ ቅዳ። የቧንቧ ውሃ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፤ ንጹሕ ነው።

ኡት፦ ጋሼ፣ ይሄኛው ዙር ከሞተ ንያን ገንዳውን ደፍና ቃሪያ ልትተክልበት ነው። እኔ ደግሞ ከዓሣ ሌላ የማውቀው የለም።

ቱዋን፦ የሠለጠነው ማነው?

ኡት፦ እርስዎ።

ቱዋን፦ እንግዲያው ቅዳና እስከ ነገ ይቡካ።

[ሳምንት አልፏል። ልጋጉ ለቋል፤ ጫጩቶቹ መኖ ሲጣልላቸው ይራኮታሉ። ኡት ከደስታው ብዛት ከገንዳው ዳር መነሣት አቅቶታል።]

ቱዋን፦ አየህ? እሑድ መንደሩን ሰብስቤ አስተምራለሁ። ዱቄት፣ ሞላሰስ፣ የቧንቧ ውሃ።

ኡት፦ የቧንቧውን ነገር ባያነሡት ይሻላል።

ቱዋን፦ ለምን?

ኡት፦ ያንን ባልዲ ሜዳ ላይ ደፋሁት። እርስዎ ሲሄዱ በተረፈው ዱቄት ሌላ በጠበጥኩ፣ በዝናብ ውሃ። ገንዳው ውስጥ የገባው እሱ ነው።

ቱዋን፦ አንተን ደግሞ ማን አስተማረህ?

ኡት፦ እርስዎ ነዎት። መድኃኒቱ ባክቴሪያ ይገድላል አሉኝ። እኔ መቼም ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ያቺን ቀን ግን ሳስበው ዋልኩ። መድኃኒቱን ጥሩውን ከክፉው እንዲለይ ማን አሠለጠነው?