ሃያ ሦስት ኪሎ፣ እንደ ጋሼ ሚዛን ንባብ

ሰው ሁሉ ሻንጣውን ራሱ የሚያዘጋጅ ይመስለዋል። ተሳስቷል። በየሰፈሩ አንድ የሻንጣ ዳኛ አለ፤ የተዘጋ ዚፕ ሲያይ እጁን የሚበላው፣ ሳይጠሩት መጥቶ ያጣጠፍነውን የሚዘረግፍ፣ ከዘረገፈውም ግማሹን የሚያስቀር። የእኛ ሕንጻ ዳኛ ክቡር ጋሼ ሚዛን ናቸው።

ጋሼ ሚዛን በጥጥ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት መዛኝ ነበሩ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ይሸለማል፤ እሳቸው ለምነው የወሰዱት አሮጌውን ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ዛሬ ሚዛኑ ከኩሽናቸው በር በላይ ተሰቅሏል፤ ከሕንጻችን አውሮፕላን የሚሳፈር ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። መንጠቆው ላይ የሚሰቅሉት እሳቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው መርፌውን የሚያነቡት እሳቸው፣ የሚፈርዱትም እሳቸው ናቸው። አንገቱን አስግጎ ለማየት የሞከረ፣ "ዞር በል! ትንፋሽህ ይከብዳል!" ይባላል።

ፍርዳቸው አጭር ነው። ለስብሰባ የሚሄደው መምህር አራት ከረባት ይዞ ቢመጣ፣ "አንገትህ ስንት ነው?" አሉት። ስድስት ጥንድ ጫማ የያዘችውን ነርስ ምን እንዳሏት መገመት አያቅትም። ትራስ ሸክፎ የመጣውን ሹፌር ደግሞ፣ "እዚያ አገር ሰው ቆሞ ነው እንዴ የሚያድረው?" አሉት።

የተቀነሰው ዕቃ አይጠፋም። በሲባጎ ታስሮ፣ የባለቤቱ ስምና ፎቅ ተጽፎበት፣ ከአልጋቸው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አብዛኛው ሰው ምን እንዳስቀረ እንኳ ረስቶ ነው የሚመለሰው። ጋሼ ሚዛን ይህን እንደ ትልቅ ድል ይቆጥሩታል።

በመጨረሻ ተራው የእኔ ሆነ። ባሕር ለማየት ሃያ ሁለት ዓመት ለምኛለሁ። ታናናሾቼን ሳሳድግ፣ የሆስፒታል አንሶላ ስሰፋ፣ ልጄን ስድር፣ ባሕርን የማውቃት በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ፈቃዱ ሆነና አሥራ ሁለት ቀን፣ ያውም ባሕር ማዶ፣ ያውም ብቻዬን!

"ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?" አሉኝ ጋሼ ሚዛን።

"ከእግዚአብሔርና ከራሴ ጋር።"

"እሱ እንኳ ሻንጣ አይዝም። ያንቺን አምጪው።"

የሚፈቀደው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ሠላሳ አንድ ኪሎ ነው አሉ። ካውያዬ ወጣ፤ "ባሕሩ ቀሚስሽ ተጨማደደ ብሎ አይስቅብሽም።" ዣንጥላዬም ወጣ፤ "ውኃ ልታዪ ሄደሽ ከውኃ ልትሸሺ?" በማግስቱ ሃያ ስድስት ሆነ፤ የሚወጣ ነገር ግን አልቆ ነበር። የቀረው መዝገበ ቃላቴ ነው፤ ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ፣ ጡብ የሚያህል። ለብቻው ሰቀሉት።

"ሦስት ኪሎ። ይቅር።"

"ጋሼ፣ ይሄስ አይቀርም! ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ያልገባኝን ሁሉ የጠየቅሁት እሱን ነው። ማንንም በማላውቅበት አገር እሱ እንኳ አብሮኝ ይሁን።"

"ባሕሩ ፊትሽ ተዘርግቶ አንቺ መዝገበ ቃላት ልትገልጪ? ባሕር ትርጉም አይጠይቅም እቴ። ይቅር ብያለሁ።"

ሲባጎውን ሲያስሩት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ያን ቀን ብቻዬን የምሄድ መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈራኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ሻንጣውን ከፍቶ፣ ካልሲውንና የውስጥ ልብሱን ስልሳ ሰው እያየው ያወጣል፤ ካፖርት በካፖርት ላይ ይደርባል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ሻንጣዬን ሚዛኑ ላይ ጫንኩት።

"ሃያ ኪሎ" አለችኝ ሚዛኑ ጋ የተቀመጠችው ልጅ። "እናቴ፣ ሦስት ኪሎ ይቀርዎታል፤ የሚጨምሩት አለ?"

ሦስት ኪሎ! መዝገበ ቃላቴን የሚያህል ባዶ ቦታ! ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ለጋሼ ሚዛን ደወልኩ።

"ስንት አለ?" አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

"ሃያ! ጋሼ፣ ሚዛንዎ ይዋሻል!"

"ሚዛኔን ተይው! እሱ ዋሽቶ አያውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ምነው ጋሼ?"

"ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ጊዜ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። የመዘንኩላት እኔ ነኝ፤ ልክ ሃያ ሦስት። አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ የእነሱ ሚዛን ሌላ ተናገረ። ያ ሁሉ ሰው እያየ ሻንጣዋን አስከፈቷት። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ሁለተኛ ግን ሂጂ ብላት እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ሰው ሻንጣ ሦስት ኪሎ ጨምሬ ነው የማነበው። አስከፈቱሽ?"

ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ወደ ጥግ ተገፍቶ ከዚፑ ጋር ይታገላል።

"አላስከፈቱኝም" አልኩ።

"እሰይ!"

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። "መዝገበ ቃላቴስ?" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ሲባጎውን ፈትቼዋለሁ፣ ይቅር በዪኝ። 'ባሕር' የሚለውን ፈልጌ አነበብኩ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፉት እኮ! እኔም አይቼው አላውቅ፣ ምን እንደጎደለ በምን ልወቅ? እስቲ ደህና አድርገሽ እዪልኝና ስትመለሺ ትሞዪበታለሽ።"

ልጅቷ አሁንም ትጠብቀኛለች። "የሚጨመር የለኝም ልጄ" አልኳት። "ስመለስ ነው የምጨምረው።"

ሻንጣዬ ዚፑ እንደተዘጋ፣ እንደ ሙሽራ እየተወዛወዘ ሄደ። ተመስገን ብዬ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ ከእጅ ቦርሳዬ ደብተሬን አወጣሁና በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ "ባሕር፦ ለጋሼ ሚዛን" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሁለት መስመር ልተው ብዬ ነበር፤ ሙሉውን ገጽ ተውኩት።