ጋሽ ስዩም ሳውንድ ካርድ ሲያስመርጡ

መርሳ ውስጥ ብቻውን ሄዶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዘመድ የለውም። ጤነኛ ሰው «የሚያውቅ ሰው» ይዞ ይሄዳል። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሊቀ መራጭ ጋሽ ስዩም! ዕድሜያቸውን ሐራ ገበያ በሬ ሲያስመርጡ ኖረው፣ ቴፕ ሲመጣ ቴፕ፣ ዲሽ ሲመጣ ዲሽ አስመርጠዋል። ሚሊኒየሙ አልፎ ኮምፒውተር መርሳ ሲገባ «ይኼንን እንኳ አላውቀውም» ይላሉ ብሎ የጠበቀ ሞኝ ነው።

ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራው ቢኒያም ሊቁ እጅ የወደቀው በእናቱ ምክንያት ነው። እህቱ ቃልኪዳን ዱባይ ስትዳር የሠርጓ ሲዲ በሰው እጅ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ጋር ሌላ አገር ተሻገረች ተባለ፤ ስልኳም ወሬዋም ጠፋ። እናታቸው እትዬ ብርቱካን ደግሞ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ምስል ምን ያደርግላቸዋል? «ድምጿን ብቻ አሰማኝ ልጄ» ነው ልመናቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ሲዲው ከመድረሱ በፊት መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒውተሩን ድምፅ አቃጥሎታል። ሆም ቲያትሩ ከነስፒከሮቹ ሳሎን ተገትሯል፤ የጎደለችው መዳፍ የምታክል ሳውንድ ካርድ ናት።

ወልድያ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የኃይላይ ሱቅ ገቡ። ሊቁ የመጀመሪያውን ካርድ በእጃቸው መዘኑት።

«ይኼ ገለባ ነው። ድምፅ የሚሸከም ጀርባ የለውም።»

መሰኪያው ወርቅማ የሆነ ሌላ ቀረበ። «የሚያብረቀርቅ በሬ ሞፈር አይጎትትም!» ቀጥሎ በዩኤስቢ ከውጭ የሚሰካ መጣ። «ውጭ ታስሮ ሊያድር? ለጅብ ነው?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ይሠራል እኮ» አለ ኃይላይ።

በሐዘኔታ አዩት። «ሻጭ መቼ አይሠራም ብሎ ያውቃል? ቆይ ቢኒያም፣ አትቸኩል! በመጀመሪያ ቀን የተገዛ ከብት አይለምድም።»

የሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንዴማ ወደ ደሴ ተሳፍረው ውርጌሳ ላይ አስወረዱት፤ የደሴ ካርድ ፎርጅድ ነው ብሎ ሹፌሩ ነግሯቸዋል። ቢኒያም ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ። ትቷቸው ብቻውን እንዳይገዛ፣ ዕቃው የተበላሸ ዕለት «ማን አስመረጠህ?» ለሚለው አገር ምን ይመልሳል?

ጋሽ ስዩም እስከዚያው ቢኒያምን ከሥራ መልስ እየጠበቁ ይመጡና «እስቲ ምስሉን ክፈተው» ይላሉ። ድምፅ የሌለውን ሠርግ ለእትዬ ብርቱካን ይተርካሉ።

«ከመኪና ወረደች። ቬሎዋ መሬት ይጠርጋል። ይቺ ሚዜዋ ግን አልተስማማችኝም፣ ዓይኗ ምግብ ላይ ነው።»

እትዬ ይስቁና «ልጄ ምን አለች?» ይላሉ።

«እሱን ድምፁ ሲገዛ ይሰሙታል። ያልሰማሁትን አልናገርም።»

በመጨረሻ ገዙ። የቱን? ያንኑ ገለባውን! «አሁን ለመደን» አሉ ሊቁ።

ካርዱ ተሰካ። እትዬ ብርቱካን ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ቢኒያም ሲከፍተው ስፒከሮቹ ቤቱን አናወጡት፦ ዘፈን! ቪዲዮውን ያቀናበረው ሰው ከመግቢያው እስከ ኬክ ቆረሳው የሠርግ ዘፈን ጭኖበታል። የቃልኪዳን አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ዘፋኙ ነው። ቢኒያም አሳለፈ፣ መለሰ፣ እንደገና አሳለፈ። አንድ ቃል የላትም። ያ ሁሉ ቅዳሜ ለዚህ ነበር!

«የታለች ልጄ?» አሉ እናቱ።

ቢኒያም ማልቀስ አማረው።

ጋሽ ስዩም ተነሥተው የስፒከሩን ገመድ ነቀሉት። «ገለባ ነው ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ቆይ እትዬ፣ ከንፈሯን እያየሁ ነው። ‹እማዬ እዚህ በነበረች› አለች።»

«እንደዚያ አለች?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

ቢኒያም ስክሪኑን አየ። ቃልኪዳን ጉንጯን ሞልታ ኬክ ታኝካለች።

«እውነት ነው ቢኒያም?»

«አዎ እማ» አለ። «ጋሽ ስዩም፣ እስቲ ይድገሙልን።»