አንደኛና መጨረሻ የተሰፋበት ጃኬት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ጆሮው አይሰማም» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ሲጮህበት የኖረ ሰው ከየት አምጥቶ ይሰማል ነው ነገሩ። ሐሰት ነው። ሰውየው ከእኔም ከእናንተም አብልጦ ይሰማል፤ የጀመረውን ስፌት ሳይጨርስ ግን ለማንም መልስ አይሰጥም። እህቱን ያገባው ቴፕ ጠጋኝ ይህን ያውቃል፤ ዝምታውን ግን «አልገባውም» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ሁለቱ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተካፍለው ይሠራሉ።

[ልብስ ሰፊው በጥቁር የቆዳ ጃኬት ጀርባ ላይ በቢጫ ክር ፊደል ይሰፋል። ጠጋኙ አናቱ ላይ አንዣቦ ቆሟል።]

ጠጋኙ፦ እኔ እኮ ጊታር መቺ አይደለም ነው የምልህ። ጊታር አስታማሚ ነው። አንዴ ነክቶ ደግሞ እስኪነካ ድረስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊው፦ [መስመሩን ይጨርሳል] ማን?

ጠጋኙ፦ የዝሆኖቹ ጊታሪስት ነዋ። አንድ ሰዓት ሙሉ የማወራው ለማን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ዝሆኖቹ የትኞቹ ነበሩ? አንደኞቹ ናቸው መጨረሻዎቹ?

ጠጋኙ፦ የሚስቴ ወንድም ባትሆን ኖሮ... ስማ፣ ደግሜ አልነግርህም። በዓለም ላይ አንደኛ «የመብረቅ ወንድማማቾች»። ጊታሪስታቸው ሲመታ እጁ አይታይም።

ልብስ ሰፊው፦ በካሴት የማን እጅ ይታያል ጋሼ?

ጠጋኙ፦ ፈጣን ነው ማለቴ ነው። ከመጨረሻም መጨረሻ ደግሞ ያ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የሚያመልካቸው ዝሆኖች።

ልብስ ሰፊው፦ ስማቸው ነው ዝሆኖቹ?

ጠጋኙ፦ ስማቸውን ማን ያውቃል። «ሰምተህ ፍረድ» ብሎ የላከልኝ ካሴት ወረቀቱ ተልጦ ጠፍቷል። ዝሆኖቹ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ አካሄዳቸውን ሰምቼ።

ልብስ ሰፊው፦ [ይሰፋል፤ ይጨርሳል] በዚህ ተኳርፋችሁ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ፀጉርዎን ራስዎ የሚቆርጡት።

ጠጋኙ፦ ፀጉሬ ምን ሆነ?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ምንም። ከፊት ደህና ነው።

ጠጋኙ፦ ወሬ ተውና ቶሎ በል። አሥር ሰዓት ላይ የድሮ ሮክ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ይመርጣል። ወይ እኔ ነኝ ወይ እሱ። አምስት ድምፅ የእኔ፣ አምስት የእሱ። አሥራ አንደኛው ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ይዋልላል። ስገባ ጀርባዬን አንብቦ እንዲወስን ነው የምፈልገው። እስቲ አንብብልኝ።

ልብስ ሰፊው፦ [በጣቱ እየተከተለ] «መብረቆቹ አንደኛ፣ ዝሆኖቹ መጨ»።

ጠጋኙ፦ ምንድን ነው መጨ?

ልብስ ሰፊው፦ «ረሻ» ይቀራል። ጋሼ፣ ሳልጨርሰው ልንገርዎት፤ ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም። መርፌ አንዴ ከገባበት ቀዳዳው አይዘጋም። እርስዎ ሐሳብዎን ቢለውጡ ጃኬቱ አይለውጥም።

ጠጋኙ፦ ሐሳቤን የምለውጠው ስሞት ነው። ጨርስ።

[መኪናዋ ታጓራለች። «ረሻ» ይሰፋል።]

ልብስ ሰፊው፦ አለቀ። እስቲ አንደኞቹን ያሰሙኝ፤ የሰፋሁላቸውን ሰዎች ልወቃቸው።

[ጠጋኙ ሥዕል ያለበትን ካሴት እንደ እንቁላል ይዞ በቀኝ በኩል ያለው ቴፕ ውስጥ ይከታል። ጊታሩ እንደ ፈላ ዘይት ይንጫጫል።]

ጠጋኙ፦ ሰማህ?

ልብስ ሰፊው፦ ሕፃኗ ማን ናት?

ጠጋኙ፦ የቷ ሕፃን?

ልብስ ሰፊው፦ የምትዘፍነው።

ጠጋኙ፦ ወንድ ነው። ካሴቱ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ጢሙ እዚህ ይደርሳል።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ማን እያባረረው ነው? [እጁን ቴፑ ላይ ያሞቃል] ይሄ ቴፕዎ ደግሞ ደስ ሲል። ትኩስ አየር ያወጣል።

ጠጋኙ፦ የራሱ ሞተር ተቃጥሎ የፀጉር ማድረቂያ ሞተር ገጠምኩለት። ያ ፀጉር አስተካካይ ለጥገና ካመጣቸው አምስት ማድረቂያዎች የአንዱን።

ልብስ ሰፊው፦ እሱ እኮ እስከ ዛሬ አልተሠሩልኝም ይላል።

ጠጋኙ፦ ተሠርተዋል። ቴፕ ሆነው ነው የተሠሩት።

ልብስ ሰፊው፦ ዝሆኖቹንስ አያሰሙኝም?

ጠጋኙ፦ እነሱ የሚገቡት በግራው ቴፕ ነው። አንደኛና መጨረሻ አንድ ቤት አያድሩም፤ የእኔ ሕግ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ የሱሪ ላስቲክ የወሰዱት ለእሱ ነበር አይደል?

ጠጋኙ፦ ካሴቱን የሚያዞረው ጎማ ተበጥሶ። ይኸው እስከ ዛሬ ይጎትታል። የተረፈውን ለፀጉር አስተካካዩም ቴፕ አሰርኩለት፤ ያኔ ገና አልተጣላንም።

[የጠጋኙ ስልክ ይጠራል። «ድምፅህን እንዳትረሳ» እያለ ወደ በሩ ይወጣል። ልብስ ሰፊው ካሴቱን ከቀኙ ያወጣል፤ ጥቂት ያስባል፤ ያንኑ ካሴት በግራው ይከታል። ከባድ፣ የሚጎተት ድምፅ ይሰማል። ጠጋኙ ጆሮውን ይዞ ይመለሳል።]

ጠጋኙ፦ አጥፋልኝ እነዚህን ዝሆኖች። ይሄ ጊታር ነው? ዘይት ያጣ በር ነው። ዘፋኙን ደግሞ ስማው፤ ጉድጓድ ገብቶ «ገመድ ላኩልኝ» የሚል ነው የሚመስለው። ይህን የሚወድ ሰው ነው ሊቀመንበር የሚሆነው?

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ ካሴቱ ላይ ጢም አለ።

ጠጋኙ፦ የምን ጢም?

ልብስ ሰፊው፦ እዚህ የሚደርሰው።

[ጠጋኙ ካሴቱን ያወጣል፤ ያያል፤ ይገለብጣል፤ ያሸታል።]

ጠጋኙ፦ ገብተውበታል።

ልብስ ሰፊው፦ እነማን?

ጠጋኙ፦ ዝሆኖቹ። የመብረቆቹ ካሴት ውስጥ ገብተው ነው የሚዘፍኑት።

ልብስ ሰፊው፦ በየት በኩል ገቡ?

[ጠጋኙ ወረቀቱ የተላጠውን የፀጉር አስተካካዩን ካሴት በቀኙ ቴፕ ይከታል። ሕፃኗ መዝፈን ትጀምራለች። ጊታሩ ይንጫጫል። ጠጋኙ ወንበር ይፈልጋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ ላይ ይቀመጣል።]

ልብስ ሰፊው፦ ስለ ሮክ አላውቅም ጋሼ። ግን የእኔም መኪና ፔዳሏን ስረግጣት ትሮጣለች፤ ስለቃት ታዘግማለች። ሱሪው ያው ሱሪ ነው።

ጠጋኙ፦ ሦስት ዓመት... ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት መስታወት መሐል ቆሜ ማጅራቴን ስላጭ...

ልብስ ሰፊው፦ ከፊት ደህና ነው ብያለሁ እኮ።

ጠጋኙ፦ ፍታልኝ። «ዝሆኖቹ መጨረሻ» የሚለውን ፍታልኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ክሩን እፈታለሁ። ቀዳዳው ግን ይነበባል።

ጠጋኙ፦ የላይኛውንስ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ምን አደረገ? ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛም እነሱ ናቸው፤ መጨረሻም እነሱ።

ጠጋኙ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ከአንተና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ማንም። የአባላቱን ቴፕ የጠገኑት ሁሉንም እርስዎ አይደሉ?

ጠጋኙ፦ አንድ ሳይቀር።

ልብስ ሰፊው፦ አምስቱን በማድረቂያ ሞተር።

ጠጋኙ፦ አምስቱን በማድረቂያ... [ጣቶቹን ያያል] አምስቱን በላስቲክ።

ልብስ ሰፊው፦ ጥርስ ሐኪሙስ?

ጠጋኙ፦ እሱ ቴፕ የለውም።

[ልብስ ሰፊው ከጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለ ክር ይቆርጣል።]

ልብስ ሰፊው፦ ለዚህ ነዋ የሚዋልለው።

[ጠጋኙ ተነሥቶ ጃኬቱን ይለብሳል። ልብስ ሰፊው ጀርባውን ዳግመኛ እንዳያነብበት ጠጋኙ ፊቱን ወደ እሱ እንዳዞረ ወደ ኋላ እየተራመደ ከበሩ ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ የፀጉር አስተካካዩ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀጉር አስተካካዩም በሩ ላይ ቆሞ የጠጋኙን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ልብስ ሰፊው መኪናው ሥር የቀረውን ሱሪ ይጎትታል፤ አንድ እግሩን እስከ መጨረሻው ይሰፋል፤ ክሩን ይበጥሳል፤ ከዚያ ቀና ይላል። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።]

ልብስ ሰፊው፦ ግን ጋሼ፣ ጊታሪስቱ ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲመታ፣ በየትኛው ፍጥነት ነው የሚመታው?