ለግምት የቀረበች ወይራ

ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ። ማክሰኞ ይመስለኛል፤ ረቡዕም ቢሆን ግን የተበላ ነገር አይመለስም። የጎረቤቴ የጋሽ ወንድይራድ በግ ወይራዬን በላችብኝ።

ወይራ ስላችሁ ትልቅ ዛፍ እንዳይመስላችሁ። ቁመቷ ሃያ ሦስት ሳንቲሜትር ነበር፤ ለክቻለሁ። ቦንሳይ ይሉታል፤ ሥሩንም ቅርንጫፉንም እየከረከሙ ዛፍን በትንሽነቱ ማኖር ነው። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ሙያ ግን ከስልክ ላይ ነው የተማርኩት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተክዬ፣ ሥሯን በሲባጎ አስሬ፣ ደጃፌ ካለው ካብ ላይ አስቀምጬ ሦስት ዓመት ከረከምኳት። ውሃ የምሰጣት በማንኪያ ነበር። ሰፈሩ ምን አለ? መምህሩ ዛፍ ያስርባል አለ። እውነታቸውን ይሆን እያልኩ ስንት ቀን እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በጊቱ በአንድ ጉርሻ ጨረሰቻት። አዘንኩ፤ አልዋሽም። ግን በዚህ ጎረቤት ይጣላል? ይተዉት አልኳቸው። ጋሽ ወንድይራድ ግን ቆራቢ ናቸው፤ ፋሲካ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሰው ሀብት አስበልቼ በምን አፌ ልቆርብ ብለው እምቢ አሉ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለ? እሳቸው ደግሞ የበደሉት ራሳቸው ሆነው ፍርድ ካላገኘሁ አሉ።

በአገራችን ከብት ማሳ ከበላ ሽማግሌዎች ገብተው ጉዳቱን ይገምታሉ። ሁለት ገማቾች ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ድንጋዬን ከበው ቆሙ። አንደኛው ለጥላ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሌላኛው ለጉንዳን ይሆናላ አሉ። ለአጥር? አይደለም። ለማገዶ? እሱም አይደለም።

«ታዲያ ለምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ለማየት።»

ሁለቱም ባዶውን ድንጋይ ደግመው አዩት። እኔም መልሴን ስሰማው አፈርኩ። ካቡ ጥግ ሄደው ብዙ ተንሾካሾኩና ፈረዱ፦

«ያንኑ ያህል ያነሰ፣ ያንኑ ያህል ያረጀ፣ ያንኑ ያህል የማይረባ ወይራ ይተካ።»

ሳቅሁ። ጋሽ ወንድይራድ ግን አልሳቁም።

በሆሳዕና ማግስት ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ደረሱ። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ወይራ ወጥታለች። ከስንዝር አትበልጥም፤ ግንዷ ግን እንደ አሮጌ ገመድ ተጠማዟል። ንፋስና ውርጭ ሲከረክሟት የኖረች ናት። የእኔ የሦስት ዓመት መቀስ እሷ ፊት የልጅ ጨዋታ ነው። ከየት አመጧት ብላቸው መንገዴ ላይ አገኘኋት አሉ። ከዚያ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«ትተካለች?» አሉኝ።

«ትበልጣለች፣ ጋሼ።»

በፋሲካ ቆረቡ።

እኔ ግን ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከበዓሉ በኋላ ያንን መንገዳቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ገደል ነው። ድንጋዩ የተፈለጠበትን ቦታ ጠጠር ባሰርኩበት ሲባጎ ለካሁት፤ ከአፋፉ ሰባት ሜትር ተኩል ይወርዳል። ባለቤታቸውን ጠየቅሁ። ወገባቸውን በገመድ ታስረው ነው የወረዱት፤ ገመዱን ከላይ የያዙት እነዚያው ገማቾች ናቸው። የወረዱትም ሦስት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ገማቾቹ ከላይ ያገኙትን ዛፍ አይተው፣ ይኼማ ይረባል፣ ለመጥረቢያ እጀታ ይሆናል ብለው ባዶ እጃቸውን ስበው አውጥተዋቸዋል።