ውርጭ ክለብና የእድሩ ጡሩንባ

የተሳካ ነገር ሁሉ ኋላ ሲጠየቅ «ታስቦበት ነው» ይባላል። ወጡ ሲጣፍጥ ባለሙያዋ መጥና ነው፤ ሲያር ግን ጥፋተኛው እሳቱ ነው። ልጅ ሐኪም ሲሆን ከጥንትም ምልክቱ ነበረበት ይሉላችኋል፤ የጎረቤት ዶሮ እግር የሰበረበት ቀን ተረስቶ። የኳስ ክለብስ ከዚህ ምን ይለያል?

ባለፈው ሳምንት የክለባችን ሥራ አስኪያጅ፣ ከረባት ያሰረ ጨዋ ልጅ ነው፣ የክለቡን ታሪክ የያዘች ባለቀለም መጽሔት አምጥቶ ሰጠኝ። የኔ ዓይን ደክሟል፤ የወንድሜ ልጅ ብርቄ አነበበችልኝ። ክለባችን በሕዝቡ ከፍተኛ ተነሳሽነትና በመሥራቹ አርቆ አሳቢነት ለዚህ በቃ ትላለች መጽሔቷ። እዚህ ላይ አስቆምኳት። ብርቄ፣ መሥራቹ አባትሽ ነው፤ አባትሽ እንኳን አርቆ ሊያስብ ጫማውን የት እንዳወለቀ አያስብም፣ እስኪርቢቶ አምጪና እውነቱን ጻፊ አልኳት። ይኸው ትጽፋለች። አባቷን የሚነካ ነገር ሲመጣ ትስቃለች እንጂ አትዘልም፤ ጎበዝ ልጅ ናት።

ወንድሜ አስማረ የስፖርት አስተማሪ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ነገር ረገብ ሲል፣ እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ግድግዳ ተደግፎ የሚውለውን ጎረምሳ ሁሉ ሰብስቦ ቡድን ሠራ። መለያ ያለበሷቸው ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ለመጋረጃ ካመጡት ጣቃ የተረፈ አረንጓዴ፣ ነጭ አበባ ያለበት። አሥራ አንድ ወንድ አበባ ለብሶ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መስኮት የሚሯሯጥ ነው የሚመስለው።

ስሙን ደሞ አስማረ ራሱ አወጣው፤ «ውርጭ»። ከቆላ የሚመጣ ቡድን ገና ስሙን ሲሰማ ጥርሱ እንዲንገጫገጭ ነው አለን። የጉና ገበሬዎች ይህን ሰምተው ተቆጡ። ገብሱ ሊያሸት ሲል ውርጭን በስሙ እየጠራ የሚያጨበጭብ ምን ዓይነት እብድ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ብሆን «ዝናቡ» እለው ነበር፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? በዚህ የተነሳ ገበሬው ሜዳውን አልረግጥም አለ፤ ከተሜው ደሞ ሰው የሌለበት ሜዳ ምን ሊታይበት ብሎ ቀረ። ውርጭ ሲጫወት ቆሞ የሚያየው እኔ፣ የተጫዋቾቹ እናቶችና አንዲት ሣር የምትግጥ በቅሎ ነበርን። በቅሎዋ ማዕዘኑን ስለወደደችው፣ የማዕዘን ምት የሚመታው ልጅ መጀመሪያ እሷን ነበር የሚለማመጠው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ቡድኑ ከሰፈር ቡድንነት ወጥቶ ለተጫዋቾቹ ደሞዝ የሚቆርጥ የደንብ ክለብ ይሁን አይሁን የሚያይ ገምጋሚ ከበላይ ይላካል ተባለ። ገምጋሚው የሚያየው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡንም ነው። ደጋፊ ከሌለው ይፈርሳል። አስማረ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ሕዝቡን ትቀሰቅስልኛለች ብሎ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ሚኒባስ ከባሕር ዳር አስጠራ። ሚኒባሷ ሐሙሲት ስትደርስ ጎማዋ ፈነዳ፣ እዚያው ቀረች። ወሬው የደረሰን በጨዋታው ዕለት ጠዋት ነው።

አስማረ መጥቶ ደጃፌ ላይ ዘጭ አለ። «እታለም፣ አለቀልኝ» አለ። እኔ ያኔ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ጡሩንባው ሳይቀር በኔ ቁልፍ ስር ነው። ጡሩንባውን ማን እንዳሳየኝ እንጃ። ሰይጣን ነው እንዳልል፣ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ሰይጣን ገበያ ነው የሚውለው።

ጡሩንባ ነፊያችን አያ ሞላ ተጠርተው መጡ። ይችን ይንፉልኝ አልኳቸው። ቆባቸውን አወለቁና ማን አረፈ አሉኝ። ማንም አላረፈም፣ ብቻ ይንፉና በስምንት ሰዓት ኳስ ሜዳ ውጡ ይበሉልኝ አልኳቸው። አያ ሞላ ትንሽ አሰቡ። «ቀሪ ይቀጣል ልበል?» አሉ። ሠላሳ ዓመት አፋቸው የለመደው እሱን ነው። እኔም እንዳመጣልዎ አልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም።

ያላሰብኩት ምን መሰላችሁ? የጡሩንባው ድምፅ ጋፋት ድረስ ይሄዳል፤ የአያ ሞላ ቃል ግን ከአጥር አያልፍም። ራቅ ያለው ሰው ጡሩንባዋን ሰማ፤ የቀረበው ደሞ ኳስ ሜዳ ሲባል ሰማ። ትልቅ ሰው ሲያርፍ ለቅሶው እዚያው ሜዳ ላይ ስለሚወጣ፣ ምን ያጠራጥራል? ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ደሞ የለም። እኛ አገር ማነው የሞተው እያሉ ለቅሶ አይኬድም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ትደርሳላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ፣ ሟቹን ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከአልቃሹ ትሰማላችሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ እኔና አስማረ ሜዳው ስንደርስ ባለንበት ቆምን። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዳር እስከ ዳር ጢም ብሏል። ለገበያ የወጡት የጉና ሰዎች ሳይቀሩ በጋቸውን እየጎተቱ መጥተዋል። የሐጂ ሰይድ ጎረቤቶችም ሱቃቸውን ዘግተው ደርሰዋል። የእድራችን ጎልማሶች ተለዋጩን ቁልፍ ቤት ከቀረው ባሌ ወስደው ድንኳኑን ከጎሉ ጀርባ ተክለውታል። ንፍሮ በሰፌድ እየዞረ ነው። አስማረ ክንዴን ያዘና «እታለም፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ። ሕዝብ አይደል የፈለግኸው፣ ይኸው ሕዝብ አልኩት። ልቤ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይመታ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። እንግዶቹ ገና ላባቸው ሳይወጣ አንድ አገቡብን። ይሄኔ አንዷ ሙሾ አወጣች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ሜዳው በለቅሶ ተናጠ። ሁሉም የየራሱን ሟች እያሰበ ነው የሚያለቅሰው፤ የራሱ ሟች የሌለው ማን አለ? ገምጋሚው፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ አንድ ጎል ገባ ብሎ ሕዝብ እንዲህ የሚያለቅስበት አገር አይቼ አላውቅም አለ። ንፍሮ አቀረብንለት። እየቆረጠመ ይጽፋል።

በእረፍት ላይ የእንግዶቹ አምበል ወደ አስማረ መጣና እጅ ነሳ። «እግዜር ያጥናችሁ ጋሼ። ሐዘን ላይ መሆናችሁን ብናውቅ ኖሮ ለሌላ ቀን ይሁን እንል ነበር» አለ። ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልዋሸም። እግዜር ይስጥልኝ ብቻ አለው።

ከእረፍት በኋላ የሆነውን መጽሔቷ «በላቀ ታክቲክ» ነው የምትለው። ታክቲኩ ይህ ነው፤ እንግዶቹ የሰው ልጆች ናቸው፣ ሐዘንተኛ ፊት እንደ ልባቸው መሮጥ አፈሩ። የኛ አጥቂ ሲወድቅ አንስተው አቧራውን ያራግፉለታል። በረኛቸው ሙሾው ሲበረታ ዓይኑን ይጠርጋል። እሱ ሲጠርግ አንድ ገባ። ሁለተኛው ሲገባ አንዲት ጎረቤቴ ራሷን ረስታ እልል አለች፤ ለቅሶ ላይ እልልታ ምን ይባላል ብለው በክርናቸው ጎሸሟት። ሁለት ለአንድ አለቀ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ድንጋይ ሳይወረውር፣ ዳኛውን አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር ዋለ። ገምጋሚው እንዲህ ያለ ጨዋ ደጋፊ የትም የለም ብሎ ጻፈ። ውርጭ ክለብ ሆነ።

ይህ በሆነ በደቂቃ ውስጥ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተገኘ መሀል ሜዳ ገቡ። ለቅሶ ሲበተን ሕዝቡን ማመስገን ሥርዓት ነው። አመሰገኑ። ቀጥለው የሟቹን ስም ሊጠሩ ሲሉ አፋቸው ባዶ ሆነ። ጸሐፊውን አዩት፤ ጸሐፊው አያ ሞላን አያቸው፤ አያ ሞላ እኔን በጣታቸው አሳዩ። ያን ሁሉ ዓይን ባንድ ጊዜ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ ይከብዳል።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ለእድሩ ሸንጎ ቀረብሁ። ሰው ሳይሞት ጡሩንባ አስነፍታለች፣ ትባረር የሚለው በዛ። እናንተዬ፣ ከእድር መባረርን ቀላል አታድርጉት። ልጅ የለኝ፣ ባሌም ከኔ የባሰ ሽማግሌ ነው፤ ማን ይሸከመኛል? አስማረ ተነስቶ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእሷ ፈንታ እኔን አባሩኝ አለ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ትናንት ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያለቅስ አንዲት ጠብታ ያልወጣኝ።

ጋሽ ተገኘ ደንቡን አገላበጡ። ያለ ሟች ለቅሶ የጠራ ምን ይደረጋል የሚል የለም፤ ደንቡን የጻፉት ሰዎች እኔን አላሰቡኝም ነበር። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለው ፈረዱ። ጡሩንባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተበልቷል፣ እንባውም ፈሷል። ከእድሩ አንድ ለቅሶ ወጥቷልና በአንድ ሰው ስም መጻፍ አለበት። ለቅሶውን በጠራችው በውድነሽ ስም ይጻፍ። አባልነቷ ይጸናል፣ ቀኗ ሲደርስም እንቀብራታለን፤ ጡሩንባና ለቅሶ ግን አይደገምላትም፣ አንዴ ወስዳለች።

ተጨበጨበ። እኔም እጅ ነስቼ ወጣሁ። ደስ አለኝ ወይስ ከፋኝ? ሁለቱም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ነሸጠኝ፤ ለኔ ማን ምን ያህል አለቀሰ? ከዚያ ወዲያ ጎረቤት እየዞርኩ ስጠይቅ ከረምሁ። ለካ ከሁሉ አስበልጣ ያለቀሰችው በአጥር ተጣልተን ሰባት ዓመት ያኮረፍኳት ጎረቤቴ ናት። ለእናቴ ነው ያለቀስሁት አለች። ይሁን፣ መዝገቡ የሚለው ለኔ ነው፤ ታረቅን።

አሁን ክለቡ ከሩቅ አገር የመጡ ተጫዋቾች አሉት፣ መለያውም አበባ የለበትም፣ ስሙንም ለገበሬው ሲሉ ለውጠውታል። ያን ዕለት ብርቄን አስቁሜ ይህን ሁሉ ስነግራት፣ ሥራ አስኪያጁ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ልቡ ተነካ። እትዬ ውዴ፣ ጡሩንባዎን ለኛ ሲሉ ካጡማ ክለቡ ይክስዎታል አለ። እግዜር ያርቀውና ያ ቀን ሲመጣ፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቹም ሕዝቡም ቆሞ፣ እኔን እያሰበ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ይላል አለኝ። አንድ ደቂቃ ሙሉ? አልኩት። አዎ አለ፣ ኮራ ብሎ። ብርቄ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ባለሁበት አንድ ደቂቃ ሙሉ ጸጥታ ሆኖ አያውቅም ልጄ፣ ለዚህስ እውነትም መሞት አለብኝ አልኩት።