የሐረጎ ማዶ ኮማንቼዎች

ለራሱ ስም የሚያወጣ ሰው ብዙም አይታይም። ስም የሚያወጣልን ሌላ ነው፤ ወላጅ ሲያወጣልን ደግ፣ ጎረቤት ካወጣልን ግን መጠርጠር ነው።

ኮማንቼዎችን አታውቋቸውም? እነዚያ በቪዲዮ ቤት ፊልም በፈረስ እየጋለቡ አቧራ የሚያስነሱት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች! ለካ ስሙን ያወጡላቸው ዩት የሚባሉ ጎረቤቶቻቸው ናቸው አሉ፤ «ሁሌ የሚዋጋን» እንደ ማለት ነው። እነሱ በገዛ ቋንቋቸው «ኑሙኑ» ነን ይላሉ። ሰዎች ማለት ነው። በቃ፣ ሰዎች። ከቋንቋቸው የማውቀው ይህችን አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም፣ ባል ያገኘሁት በእሷ ነው።

ቃሏን ያነበብኳት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ ደሴ፣ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ያኔ ወንድሜ ሰዒድ የሰፈራችን የሰኞ ገበያ ኳስ ቡድን አምበል ነበር። ቡድናቸውን በዚያው ፊልም ባሉት በሌሎቹ ጀግኖች ስም «አፓቺ» ብለው፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ማዶ ያለውን የኮምቦልቻን ቡድን «ኮማንቼ» ይሉታል። እኔ ደግሞ ከኮማንቼዎቹ በረኛ ከጀማል ጋር... አፍራለሁ፤ እናንተው ጨርሱት።

ጀማል ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔም እንደ ወጉ ከአክስቴ ከዘይነብ ጋር ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። አባቴ ገና «ልጁ የማን ዘር ነው?» ከማለቱ ሰዒድ ቀደመ።

«አባዬ፣ ኮማንቼ ናቸው እኮ! ወላሂ እህቴን ለኮማንቼ አልሰጥም!»

አንደኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። ሊሄዱ ነው! ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ እኔ፣ «እነሱም ሰዎች ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ሳቀ። «አንቺ ዘይነብ፣ አርፈሽ አትቀመጪም?» አለና ወደ እንግዶቹ ዞረ። «በሉ ተቀመጡ፣ ሰው ከሆናችሁ ይበቃናል።»

አክስቴ በድንጋጤ አየችኝ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ታዲያ ዝም ልበል እንዴ?» አለች። ሙሽራ ለራሷ ጮኸች ከመባል አዳነችኝ። እሷም አልከሰረች፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ባልና ሚስት ሁሉ ሲጣላ ለእርቅ የሚሮጠው እሷ ጋ ነው።

ለጀማል እውነቱን የነገርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩለት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ለእኛ ነው እንዲህ የተሟገትሽው? አንቺዬ፣ እኛም እናንተን ኮማንቼ ነበር የምንላችሁ!»

«ራሳችሁንስ?»

«አፓቺ ነዋ!»